የቅጹ ጀርባ

ያላጠፋሁትን ጥፋት በስሜ ጻፉት። ምክንያቱን ሲጽፉም «ሆን ብሎ ሳይሆን ካለማወቅ» አሉ። በዚያ ዘመን «ሆን ብሎ» ቢሉኝ ኖሮ አሻጥረኛ ተብዬ የት እንደምገባ ማንም ያውቀዋል። ስለዚህ የሚያውቀኝ ሁሉ «አመስግን» አለኝ። አላመሰገንኩም። ዛሬም አላመሰግንም። እስር ቤት የገባ ሰው ቢያንስ ያውቅ ነበር ይባልለታል።

ሥራዬ ጥበቃ ነበር። ለመንግሥት እርሻዎች የትራክተር መለዋወጫ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። ግቢው ከመሃል ከተማ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፤ ያኔ ከተማውን አዋሳ ነበር የምንለው። እኔ የቱላ ሰው ነኝ። ሠላሳ ዓመት እስኪያልፈኝ ድረስ ስሜን ጽፌ አላውቅም። የሰዓት መቆጣጠሪያ ላይም ሆነ የዕቃ መውጫ ላይ የማሳርፈው ጣቴን ነበር። ድርጅቱ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው፤ ወረቀት ላይ የተሠረዘ ነገር ካለ የሠረዘው ሰው ከስርዙ አጠገብ ይፈርማል። ጸሐፊው በር ላይ የመኪና ታርጋ ተሳስቶ ሲሠርዝ እሱ ይፈርማል፣ እኔ በምስክርነት ጣቴን ከጎኑ አሳርፋለሁ። ለዓመታት እንዲህ ኖርኩ። ጣቴ ስርዝ ባየች ቁጥር ቀለም መፈለግ ለመደች።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ከሥራ መልስ በመጋዘኑ ጥላ ሥር ተሰብስበን ተማርን። መጀመሪያ በእናቴ ቋንቋ በሲዳምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ቶሎ ገባኝ። ጎበዝ ስለነበርኩ አይመስለኝም፤ ብዙ ዓመት ሰው ሲያነብ ቆሜ ስላየሁ ተርቤ ነበር። ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ «ከመሃይምነት ነፃ የወጣ ድርጅት» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። የድርጅቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ረጅም፣ ድምፁ ከራሱ የሚበልጥ ሰው ነበር። በተማሪዎቹ ስም እንድናገር የመረጠኝ እሱ ነው። የምለውንም እሱ ነገረኝ። ወጥቼ «ከዛሬ ጀምሮ ጣቴን ቀለም አልነክርም» አልኩና የማኅተሙን ቀለም ከነቆርቆሮው ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ተጨበጨበ። ሊቀ መንበሩ ያንን ለበላይ አካል ሪፖርት አደረገ፤ በድርጅታችን በጣት የሚፈርም አንድም ሰው የለም ብሎ።

ሕዝቡ ሲበተን ተመልሼ ቆርቆሮውን ከቅርጫቱ አነሣሁት። ፊርማዬን አላመንኳትም። ዛሬ ቀጥ ብላ ነገ ትጎብጣለች። ጣቴ ግን ጎብጣ አታውቅም።

ከዚያ ኮምፒዩተሩ መጣ። አንድ ክፍል ሙሉ ነው። ከአዋሳ ሙቀት እንዲተርፍ ማቀዝቀዣ ተገጠመለት፣ በር ላይ ደግሞ ሰው አስፈለገው። እኔን አቆሙኝ። በሩ ላይ ቆሜ ማሽኑ የሚያነበው የተበሳ ካርድ ሲደረደር አየሁ፣ ከዚያ ካርድ አቀባይ ሆንኩ፣ ከዚያ ቴፕ ጫኝ። የክፍሉ አለቃ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ውጭ አገር የተማረ፣ በዕድሜ የምበልጠው ልጅ ነበር። ሰው ስላነሰው ነው ያስተማረኝ እንጂ ወዶኝ አልነበረም። እኔም አልወደድኩትም። ግን አስተማረኝ፤ ይሄንን አልክድም።

ያስተማረኝ አሴምብለር የሚሉትን ነው። ማሽኑን በአንድ መስመር አንድ ነገር ብቻ የምታዝበት ቋንቋ ነው። ይሄን አንሣ፣ ያን አኑር፣ ወደዚያ ሂድ። እንግሊዝኛ አልችልም ነበር፤ ግን ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው፣ እንደ ሰው መልክ ለይቼ ያዝኳቸው። የተማሩት ዝም ብለው የሚንቁት ጥንቃቄ እኔ ዘንድ ልማድ ነበር። በሕይወቴ ቃል ማባከን የሚያስችል ፊደል ኖሮኝ አያውቅም።

አንድ ቀን አለቃዬ ከባዱን ነገር አመጣ። በማሽኑ ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ የአድራሻ ክልል አለው፤ የሠራተኛው ስም ዝርዝር በአንዱ፣ የመለዋወጫው ዝርዝር በሌላው። አንዱ የሌላውን እንዳይነካ በመካከላቸው አጥር አለ። አሁን ግን አንድ አዲስ የሪፖርት ፕሮግራም ከመለዋወጫው ክልል ገብቶ እንዲያነብ ተፈለገ።

«ጋሼ፣ ይሄ ላንተ አይደለም» አለኝ መመሪያውን እያገላበጠ። «ፈቃድ የሚባል ነገር አለው። ለክልሉ የፈቃድ ቁጥር ትሰጠዋለህ። ዜሮ ከሆነ የማንም ክልል አይገባም። አንድ ከሆነ የሁሉም ይገባል። ሌላ ቁጥር ከፈለግህ አስቀድመህ ከሲስተሙ ትጠይቃለህ፣ ከዚያ ባለቤቱ ክልል ያንን ቁጥር በራሱ ዝርዝር ላይ ካሰፈረው ብቻ ያስገባሃል።»

«ይሄማ የበር ሥራ ነው» አልኩት።

«የምን በር?»

«የበር ነዋ። ዜሮ ወረቀት የሌለው ሰው ነው። አንድ ቁጥር ያ የሚያስፈራው ነው፣ ሳይጠይቅ የትም የሚገባው። ሌላው የይለፍ ወረቀት የያዘ እንግዳ ነው፤ ስሙ በር ላይ ባለው ዝርዝር ካለ ይገባል፣ ከሌለ ይመለሳል። ሲወጣ ደግሞ ወረቀቱን ይመልሳል።»

ሳቀ። «በቃ፣ ማሽኑንም ዘበኛ ቀጠርክለት።»

«ቀጥሮት ነው የመጣው። እርስዎ ነዎት ያላዩት።»

ጻፍኩት። ቁጥር ከሲስተሙ ጠየቅሁ፣ ያገኘሁትን ቁጥር ለሪፖርቱ ክልል ሰጠሁ፣ በመለዋወጫው ዝርዝር ላይ አሰፈርኩት። በሠራተኛው ስም ዝርዝር ላይ አላሰፈርኩትም፤ እዚያ ምን ጉዳይ አለው? ሥራው ሲያልቅ ፈቃዱ ወደ ዜሮ እንዲመለስ፣ ከዚያ ቁጥሩ ለሲስተሙ እንዲመለስ አደረግሁ። መጀመሪያ ዜሮ፣ ኋላ ቁጥሩ። በር ላይ የኖረ ሰው ይሄን ቅደም ተከተል አይስተውም፤ እንግዳው ከግቢው ሳይወጣ ወረቀቱን አትቀበለውም።

ፕሮግራም የምንጽፈው በቅጽ ላይ ነበር። ቅጹ ካርድ ወደምትበሳዋ ልጅ ይሄዳል፣ እሷ መስመር በመስመር በካርድ ላይ ትበሳዋለች። ከታቦር ተራራ በኩል በእግሯ የምትመጣ፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ የምትዘምር፣ ነገር የማይሰወራት ልጅ ነበረች። በቅጹ ላይ ሦስት ቦታ ሠርዤ አስተካክዬ ነበር። ስርዞቹ ተቀራርበው ስለነበር በፊት ለፊት ለሁሉም አንድ ጊዜ ፈረምኩ። ከዚያ ግን ጣቴ አላርፍ አለች። ቆርቆሮውን ከኪሴ አወጣሁና ቅጹን ገልብጬ ከእያንዳንዱ ስርዝ ትክክል፣ ከጀርባ፣ ጣቴን አሳረፍኩ። ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር የማደርገው። ማንም የቅጽ ጀርባ አያይም። እሷ ብቻ፣ በስታ ስትጨርስ ቅጹን በፊቱ ስለምትደፋው፣ ታያለች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቅጽ ከፊቱ ጀርባው ያምራል» ትለኝ ነበር፣ ድምፅዋን ቀንሳ።

«ዝም በይ።»

«ዝም ብያለሁ። ለማን እናገራለሁ?»

ፕሮግራሙ ለሳምንታት በደህና ሠራ። ከዚያ ከአዲስ አበባ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። የሚመጡበት ጠዋት መብራት ጠፍቶ መጣ፣ ማሽኑም እንደ አዲስ ተነሣ። ማሽኑ ሲነሣ በየበሩ ያለው ዝርዝር ይጠፋል። መልሶ የሚያሰፍር ሌላ አጭር ፕሮግራም ነበረኝ፤ መጀመሪያ እሱ መሮጥ አለበት። እኔ ግን አልነበርኩም። አለቃዬ ለእንግዶቹ ምሳ ዓሣ ከሐይቁ እንዳመጣ ልኮኝ ነበር። የአሴምብለር ፕሮግራመር ነኝ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በቆሙበት ዳርቻ ቆሜ ዓሣ እመርጥ ነበር።

ስመለስ ሪፖርቱ ታትሞ እንግዶቹ እያዩት ነው። ጥሩ ብዬ አለፍኩ። የሆነውን ያወቅሁት ኋላ ነው። ፕሮግራሙ በር ላይ ስሙን አጥቶ ተመልሷል። አለቃዬ አጭሩን ፕሮግራም መፈለግ ትቶ የእኔን ቅጽ አነሣ፣ ከሲስተሙ ጠይቄ ያመጣሁትን ቁጥር ሠረዘና አንድ ብሎ ጻፈ። ልጅቷ አንዲት ካርድ በስታ ሰጠችው። አለቀ። ፕሮግራሙ የትም ገባ።

ሪፖርቱን በሚያወጣው ፕሮግራም ውስጥ አለቃዬ የጻፈው ክፍል ነበረ፤ የመለዋወጫ ስም የሚጽፍበትን ክልል አድራሻ ተሳስቶታል። ስህተቱ ከመጀመሪያም ነበረ። ድሮ ቢሳሳት በሩ ይመልሰው ነበር። አሁን የሚመልሰው የለም። ወደ ሠራተኛው ስም ዝርዝር ገብቶ የሾፌሮቹን ስም በመለዋወጫ ስም ደመሰሰው።

ሰኞ ጠዋት ከማሽኑ ታትሞ በግቢው በር ላይ የሚለጠፈው የሠራተኛ ስም ዝርዝር ወጣ። ሾፌሮቹ ተሰልፈው ስማቸውን ይፈልጋሉ፤ ያለው ካርቡሬተር፣ የዘይት ማጣሪያ፣ ፋን ቤልት ነው። ጥበቃው ደንብ አክባሪ ነበር፤ ስም የሌለው አይገባም አለ። አንድ ወላይታ ሾፌር ዝርዝሩን በጣቱ ተከትሎ እስከ ታች ወረደና ዞር አለ።

«በኔ ተራ ቁጥር ላይ ያለው ፋን ቤልት ነው። ፋን ቤልት ይግባ?»

«ፋን ቤልት መታወቂያ አለው?» አለው ጥበቃው።

«የለውም፤ ትራክተር ላይ ነው የረሳሁት።»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ እስከ ምሳ ነበር። ከምሳ በኋላ አሻጥር የሚለው ቃል ግቢው ውስጥ መዞር ጀመረ፣ የሚስቅም ጠፋ። ትራክተሮቹ ሁለት ቀን ቆሙ። የእርሻ ወቅት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኮሚቴ ፊት ተጠራሁ። መሃል ላይ ያው ሊቀ መንበር። በቀኙ አለቃዬ። በር አጠገብ ካርድ የምትበሳዋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። ጠረጴዛው ላይ ቅጹ፣ በፊቱ።

«ጓድ፣ ይሄን ቅጽ የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሄ አንድ ቁጥርስ?»

«እሱን እኔ አልጻፍኩም።»

ሊቀ መንበሩ ወደ አለቃዬ ዞረ። አለቃዬ ፊቴን አላየም።

«ጓዶች፣ እኔ አሻጥር ነው አልልም» አለ ለስለስ ብሎ። «ሰውዬው ቅን ነው። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ትናንት ፊደል ለቆጠረ ሰው ከአቅሙ በላይ ሰጠነው። ከባድ ነገር ነው፣ የተማረም ይሳሳተዋል። ካለማወቅ ነው።»

ሁሉም ተነፈሰ። እንዴት ደግ ነው አሉ በዓይናቸው። አንድ ቁጥር ወደ ታች የተሰመረች ጭረት ናት፤ ማንም ቢጽፋት የማንም ትመስላለች። በእጅ ጽሑፍ አይለይም፤ ፊርማዬም ለዚያ ሁሉ ስርዝ አንድ ናት።

«ማስረጃ አለህ?» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

ማስረጃዬ ከፊቴ ነበር። ቅጹን መገልበጥ ብቻ ነው። አራት ስርዝ፣ ሦስት ጣት። እኔ የሠረዝኩት ሁሉ ከጀርባው ጣት አለው፤ አራተኛው ባዶ ነው። ሕፃን እንኳ ቆጥሮ ያምነዋል። ልጅቷ አየችኝ። ዓይኗ ገልብጠው ይለኛል።

አልገለበጥኩትም።

ብገለብጠው ምን ይሆናል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀለሙን የጣልኩት ሰው፣ ቆርቆሮውን ከቅርጫት ለቅሜ በኪሴ ይዤ የምዞር ሆኜ እገኛለሁ። አለቃዬ «አላልኳችሁም?» ይላል። ሊቀ መንበሩ ለበላይ የጻፈው ሪፖርት ውሸት ይሆናል፣ እኔን በዚያ አይምረኝም። ይሄን ሁሉ አሰብኩ እላለሁ እንጂ እውነቱ አጭር ነው። አፈርኩ። አላዋቂ ላለመባል ብዬ ዝም አልኩና አላዋቂ ተባልኩ።

«ማስረጃ የለኝም» አልኩ።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ በግል ማኅደሬ ገባ፤ «ካለማወቅ የተነሣ» የሚለው ቃል ከሥሩ ተሰምሮበት። ወደ በር ተመለስኩ። ወደ ማሽኑ ክፍል በር ሳይሆን ወደ ውጭው፣ ጋሪ ወደሚያልፍበት። በወሩ ሾፌሮቹ ስሜን ትተው ፋን ቤልት ይሉኝ ጀመር። ያ ወላይታ ሾፌር ብቻ አንድ ቀን ቆም ብሎ «ስሙን የወሰድከው ከእኔ ነው፣ ስትጠግብ መልስልኝ» አለኝ። ከሁሉም የሚሻል ነገር የተናገረኝ እሱ ነው።

ሦስት ዓመት አለፈ። ስለ ሦስቱ ዓመታት የምጽፈው የለኝም። በር መክፈት ነው፣ በር መዝጋት ነው። አለቃዬ አድጎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ሲሄድ መኪናው እኔ በምጠብቀው በር አለፈች፣ ከፈትኩለት። «ደህና ሁን ጋሼ» አለኝ። «ይለፍ ወረቀት» አልኩት። ቀልድ መሰለው፤ ፈገግ ብሎ ሰጠኝ። ግራና ቀኙን አነበብኩት፣ ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ቃል። ከዚያ መለስኩለት።

የቆየ ወረቀት በደንቡ ሦስት ዓመት ሲሞላው ግቢው ጥግ ጉድጓድ ውስጥ ይቃጠላል። ሲቃጠል ጥበቃ ቆሞ መፈረም አለበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ካርድ የምትበሳዋ የቅጽ እስር ይዛ መጣች። እስሩን አንድ በአንድ ወደ እሳቱ ትጥላለች፣ እኔ እቆማለሁ። አንዱን ግን አልጣለችውም፤ ይዛው ቀረች።

«ጋሼ፣ ያኔ ለምን አልገለበጡትም?»

«አፈርኩ።»

«እኔም ፈራሁ» አለች። «አለቃዎ ሠርዞ የሰጠኝን ቁጥር እኔ ነኝ የበሳሁት። ብናገር እኔንም ያስገቡኛል ብዬ።»

«ጣይው፣ ይቃጠል። ምን ይጠቅማል አሁን?»

«እርስዎ ይጣሉት እንግዲህ። እኔ ስርዝ ያለበት ወረቀት አላቃጥልም» ብላ እጄ ላይ አኖረችውና ሄደች።

እሳቱ አጠገብ ብዙ ቆምኩ። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ሦስቱ ጣቶቼ አሉ፤ ትንሽ ደብዝዘዋል። አራተኛው ቦታ ንጹሕ ነው። ከሁሉም ይልቅ ያ ንጹሕ ቦታ ነው ያናደደኝ። አጠፍኩትና ኪሴ ከተትኩት።

ይዤው ሊቀ መንበሩ ቢሮ ሄድኩ። ያው ሰው ነበር፤ ፀጉሩ ግን ሸብቷል፣ ድምፁም ከራሱ ጋር እኩል ሆኗል። ቅጹን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጣት ነው።»

«የማን?»

«የኔ። እኔ የሠረዝኩት ሁሉ ከጀርባው ጣቴ አለ። ይሄኛው የለውም። ካርዱን ማን እንዳስበሳት ልጅቷን ጠይቁ፤ ትናገራለች።»

ገለበጠው፣ መለሰው፣ በመስኮቱ ብርሃን ያዘው። አልዋሽም፣ ወዲያው ነው የገባው።

«አንተ አይደለህም ወይ በድንኳኑ ፊት ከዛሬ ጀምሮ ያልከው?»

«እኔ ነኝ። ዋሸሁ። ቆርቆሮው ይኸው።»

ቆርቆሮውን ከኪሴ አውጥቼ ከቅጹ አጠገብ አኖርኩት።

«እንዲህ እናድርግ» አለ በመጨረሻ፣ ድካም ባለው ድምፅ። «ማስጠንቀቂያውን አነሣልሃለሁ። ደብዳቤው ላይ ግን የጣቱ ነገር አይጻፍ። በምስክር ቃል ተረጋገጠ እንበል። ላንተም ለኔም ይሻላል።»

«አይሆንም።»

«ምን ጎደለህ?»

«ጓድ፣ በኔ ስም የገባው ውሸት አንድ ይበቃል። ጣቴን ጻፉት።»

አልጻፈም። ሌላ አምስት ወር ሄደ። በየሳምንቱ አርብ ከቢሮው ፊት ቆምኩ፤ መቆም ሥራዬ ነው፣ አይደክመኝም ብዬ። ደከመኝ። አንድ አርብ ልተወው ብዬ ስዞር ከኋላዬ ጠራኝ።

ደብዳቤው በታይፕ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስተኛ ጊዜ በጣቴ እየተከተልኩ። «በቅጹ ጀርባ በተገኘው የጣት አሻራ ስህተቱ የእርሱ አለመሆኑ ስለ ተረጋገጠ» ይላል። ካለማወቅ የሚለው ቃል የለም። ወደ ማሽኑ ክፍል እንድመለስ ይላል። ክፍሉ ውስጥ አሁን ሌሎች ልጆች አሉ፣ እኔም ብዙውን ረስቻለሁ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ለመቀበልህ ፈርም» አለኝ።

በእስክሪብቶ ፈረምኩ። ፊርማዬ ጎበጠች፤ እሷ አመሏ ነው። ከዚያ ከላይ አንድ ነገር አየሁ። ጸሐፊዋ ቀኑን ተሳስታ በላዩ ላይ ሠርዛ አስተካክላዋለች፣ ከአጠገቡ ግን የፈረመ የለም።

«እዚህ ስርዝ አለ» አልኩት።

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። መሳቢያውን ሳበና ቆርቆሮዬን አወጣ። አምስት ወር እዚያ ነበረች። እሱ በቀይ እስክሪብቶ ፈረመ፤ እኔ ደግሞ ጣቴን ነክሬ ከጎኑ አሳረፍኩ፣ ከጀርባ ሳይሆን በፊት ለፊት፣ ከተስተካከለው ቀን አጠገብ፦ ሰኔ ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.